ሠራነው ማለት አይበቃም፤ እንዴት እንደሠራነው እንጻፍ

አንድ ማታ የተማሪዎቼን ደብተር እያረምኩ ሳለ ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ። የማላውቃቸው እናት ናቸው። «ልጄ፣ አንተ እንደጻፍከው አድርጌ መብራቱን ገጣጠምኩት። በርቶልኛል፣ ተባረክ። ባትሪው ግን ግሎ እጅ አያስነካም። እንዲህ ነው የሚሆነው?» ይላሉ።

እኚህ እናት ኡጋንዳ ውስጥ ናኪቫሌ የሚኖሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። እኔ ደግሞ ኬንያ፣ ካኩማ ካምፕ አስተምራለሁ። ተያይተን አናውቅም። የሚያገናኘን ነገር በየካምፑ ያለን ሰዎች የሠራነውን የእጅ ሥራ በአማርኛ የምንለጥፍበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ብቻ ነው።

ደንግጬ «እናቴ፣ በእጅዎ አይንኩት! በቆርቆሮ ነገር አንስተው ከቤት ያውጡት፣ ባዶ መሬት ላይ ያስቀምጡትና ይራቁ» ብዬ ላክሁ። ከዚያ ዝም። ሃያ ደቂቃ ያህል መልስ አልመጣም። እኔ ደብተሩን ትቼ የማላውቀውን ቤት በሐሳቤ እያየሁ ነው፤ ሸራው፣ የቁርጥራጭ ጨርቅ ክምሩ፣ የተኙት ልጆች። በመጨረሻ «አወጣሁት፣ አሁን በርዷል» የሚል ጽሑፍ መጣ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። እሳቸው ያልኩትን አንድም ሳያጎድሉ ነው ያደረጉት። የጎደለው የእኔ ጽሑፍ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁም ስለዚህ ነው፦ የሠራነውን ነገር ሌላ ካምፕ ያለ ሰው አይቶ እንዲሠራው ስናካፍል ምን መጻፍ እንዳለብን።

መጀመሪያ መብራቱን ላስረዳ። እኛ ጋ ጄኔሬተር ካላቸው ነጋዴዎች መስመር የሚገዛ አለ፣ ሶላር ያለውም አለ። ብዙ ተማሪዎቼ ግን ማታ የሚያጠኑት በስልክ መብራት ነው፣ ያውም ስልኩ ቻርጅ ካለው። ስለዚህ ከትምህርት በኋላ ከልጆቹ ጋር ከተጣለ የላፕቶፕ ባትሪ የጥናት መብራት መሥራት ጀመርን። የላፕቶፕ ባትሪ ሲከፈት ውስጡ ከተራ የባትሪ ድንጋይ ትንሽ ወፈር ያሉ ሴሎች ይገኛሉ። ወርዳቸው 18 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመታቸው 65 ሚሊ ሜትር ነው፤ 18650 የሚል ስም የተሰጣቸውም ለዚህ ነው። ላፕቶፑ «ባትሪ ሞቷል» ቢልም ብዙ ጊዜ የሞቱት ከመካከላቸው አንዱ ወይም ሁለቱ ናቸው፤ የቀሩት ገና ይሠራሉ። አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይሆናል። ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ወደ 3 ቮልት ይበቃዋል። እንግዲህ ሴሉ፣ አምፖሉ፣ ትንሽ ሬዚስተር፣ ማብሪያ ማጥፊያና የቻርጅ ሰሌዳ ካለ መብራት አለ ማለት ነው። (ባትሪውን የምከፍተው እኔ ራሴ ነኝ። ለልጆች አልሰጥም። ሴል በስክሪውድራይቨር ከተወጋ ይቃጠላል።)

እኔ ግሩፑ ላይ የጻፍኩት እንዲህ የሚል ነበር፦ «ሁለት ሴል ወስዳችሁ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቭ አገናኙ፤ ረጅም ሰዓት ያበራል።» በቃ። ውሸት የለበትም። ግን እኔ ሁለት ሴል ከማገናኘቴ በፊት ሁልጊዜ ቴስተር አንስቼ ሁለቱንም እለካለሁ። ይህን አልጻፍኩም፤ ማድረጌንም ልብ አላልኩትም ነበር። እጄ ለምዶታል።

ሳይለካ ቢገናኝ ምን ይሆናል? አንድ ጀሪካን ሙሉ፣ አንዱ ባዶ ሊሆን ምንም ያልቀረው እንበል። ከሥር በሰፊ ቱቦ ብናገናኛቸው የሙሉው ውኃ ወደ ባዶው እኩል እስኪሆኑ ድረስ በኃይል ይሮጣል። ሴልም እንዲሁ ነው። አንዱ 4.1 ቮልት፣ ሌላው 3.2 ቮልት ከሆነ ገና እንደተገናኙ ከሙሉው ወደ ጎደለው ብዙ ከረንት ይፈስሳል። የሚያቆመው ስለሌለ ሁለቱም ይግላሉ፤ ካረጁ ደግሞ ሊነፉና ሊቀጣጠሉ ይችላሉ። እናታችን ቤት የሆነው ይህ ነበር።

በማግስቱ ጽሑፉን አነሣሁትና እንደገና ጻፍኩት። አሁን የሚለው ይህን ነው። በሁለቱ ሴሎች መካከል ከ0.1 ቮልት የሚበልጥ ልዩነት ካለ አናገናኝም። ከ2.5 ቮልት በታች የወረደ ሴል አንጠቀምም። ቻርጅ የምናደርገው ቲፒ4056 በሚባለው ትንሽ ሰሌዳ ነው፤ ሴሉ 4.2 ሲደርስ እሱ ራሱ ያቆማል። የስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ስለሆነ በቀጥታ ሴሉ ላይ አይታሰርም። ቴስተር የሌለው ሰው ደግሞ ሁለት ሴል ማገናኘቱን ይተውና በአንድ ሴል ብቻ ይሥራ፤ ያችንም ሴል ገበያ ያለ የስልክ ጠጋኝ ጋ ወስዶ ያስለካ። የስልክ ጠጋኝ የሌለበት ካምፕ አላውቅም። በአንድ ሴል የሚያበራበት ሰዓት ያንሳል፤ ይነስ።

ይህ ከሆነ ወዲህ ሌሎች የለጠፉትንም ሳነብ የጎደለውን መፈለግ ጀመርኩ። ሁላችንም አንድ ዓይነት ነን፤ የምንዘለው የለመድነውን ነው። እናቴን ልጅ ሆኜ ስለ እንጀራ ስጠይቃት «አብሲት ትጥላለህ፣ ከዚያ ውኃ ትጨምራለህ» ትለኝ ነበር። ምን ያህል? «እንደሚሆነው።» እሷ እጇ ያውቃል። እኔ ግን «እንደሚሆነው» ስንት ኩባያ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለዚህ ክፍል ውስጥ የምንጠቀመው ዘዴ ቀላል ነው። አንድ ተማሪ የሠራውን በደብተር ይጽፋል። ሲሠራ ያላየ ሌላ ተማሪ ደብተሩን ብቻ ይዞ ይሠራል። ጸሐፊው አጠገቡ ይቀመጣል፤ መናገር ግን ክልክል ነው። ሠሪው በቆመ ቁጥር ጸሐፊው እዚያ መስመር ላይ ምልክት ያደርጋል። የመጀመሪያ ቀን ስንሞክረው ልጁ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመ። «ፖዘቲቩን ያዝ» ይላል፤ የትኛው ነው ፖዘቲቩ? የተራ ባትሪ ድንጋይ ፖዘቲቩ ጉብ ያለች ጫፍ አለችው፤ የላፕቶፕ ሴል ግን በሁለቱም በኩል ጠፍጣፋ ነው። ለሚያውቅ ሰው ቀላል ነው፤ ፖዘቲቩ በኩል አንገቱ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ጎድጎድ ያለ መስመር አለው። ይህን የሚጽፍ አልነበረም። ጸሐፊዋ ልጅ አፏን በእጇ ይዛ ስትሰቃይ እኛ ሳቃችንን መያዝ አቃተን። በመጨረሻ ግን ደብተሩ በምልክት ተሞላ፣ ጽሑፉም ተስተካከለ።

ደብተር ያልኩት ለይምሰል አይደለም። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጻፉ። ስልክ ይሰበራል፣ ሲቸግርም ይሸጣል፤ ደብተሩ ይቀራል።

ፎቶን በተመለከተ፣ ሁላችንም የምንወደው ያለቀውን ዕቃ አብርተን ማንሣት ነው። እሱ ፎቶ ያምራል እንጂ አያስተምርም። የሚያስተምረው ክዳኑ ከመገጠሙ በፊት ሽቦው ከየት ተነሥቶ የት እንደገባ የሚያሳየው ነው። እያንዳንዱን ነገር ስትጨርሱ ሳይሆን ስትሠሩ አንሡ። መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ የቢክ እስክሪብቶ አስቀምጡ፤ ሳንቲም በየአገሩ ይለያያል፣ ቢክ ግን ካኩማም ናኪቫሌም ያው ነው፣ ከነክዳኑ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ቴሌግራም ፎቶን ስለሚያሳንሰው ዕቃው ላይ የተጻፈች ትንሽ ጽሑፍ ካለች ጠጋ ብላችሁ ለብቻዋ አንሷት፣ ከሥሩም ጽፋችሁ ድገሟት። ቪዲዮ ጥሩ ነው፤ ግን ባንድል ይበላል። አስር ፎቶ ከነማብራሪያው ለብዙ ሰው ይደርሳል፤ የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ግን ብዙው ሰው ሳይከፍተው ያልፋል።

ሥዕልና ማብራሪያ ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ የማላዊው ዊሊያም ካምኳምባ ታሪክ ያሳያል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 እና 2002 ማላዊን ረሃብ መታት። ዊሊያም የትምህርት ቤት ክፍያ ስላጣ በ14 ዓመቱ ትምህርት አቋረጠ። ዊምቤ በሚባለው አካባቢው ወዳለች ትንሽ ቤተ መጻሕፍት እየሄደ ስለ ኃይል ምንጮች የሚናገር የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ አገኘ። እንግሊዝኛው ከባድ ስለነበር በብዛት የተመራው በሥዕሎቹ ነው። ከብስክሌት ዳይናሞ፣ ከትራክተር ማራገቢያና ከተዳመጠ የፕላስቲክ ቱቦ በነፋስ የሚዞር የመብራት ማመንጫ ሠርቶ በባሕር ዛፍ ግንድ ማማ ላይ ሰቀለው። ያን መጽሐፍ ያዘጋጁት ሰዎች ማላዊ ውስጥ ትራክተር የሚፈታ ልጅ ይኖራል ብለው አላሰቡ ይሆናል። ሥዕሉን ግን አሟልተው ሣሉት። በ2007 አሩሻ፣ ታንዛኒያ በተካሄደው የቴድ ጉባኤ ላይ ሥራውን ሲናገር ነው ዓለም ያወቀው።

የቃል ነገርም አለ። እኔ በአማርኛ ጻፉ የምለው ለክብር ብቻ አይደለም። ትምህርታችን በእንግሊዝኛ፣ ገበያው በስዋሂሊ ነው፤ ነገር ግን «አይገናኝ» የሚለውን ቃል ሰው በደንብ በሚሰማው ቋንቋ ማንበብ አለበት። ችግሩ አማርኛችንም አንድ አይደለም። አንዱ «ስታኞ» ሲል ሌላው «ሶልደር» ይላል፤ አንዱ «ቴስተር» ሲል ሌላው «መልቲሜትር»። ሁለቱንም ጻፉት፣ ፎቶም ጨምሩ። ንጹሕ አማርኛ ልፍጠር ብላችሁ ማንም የማያውቀውን ቃል ብታመጡ ግን ሱቅ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ያፍራል።

ያልሠራውንም ጻፉ። የመጀመሪያው መብራታችን ክዳን በሙቅ ሙጫ ነበር የተጣበቀው። ምሽት ላይ ጥሩ ነበር። ቀን ቆርቆሮ ሥር ሲቀመጥ በካኩማ ሙቀት ሙጫው ለሰለሰና ክዳኑ ወደቀ። አሁን በሽቦ ነው የምናስረው። ይህን የምናውቀው ከተሠራ በኋላ ወራት ቆይተን ተመልሰን ስላየነው ነው። እኔ ግሩፑ ላይ አብዝቼ የምጠይቀው ይህንን ነው፦ «ባለፈው የለጠፍከው ነገር ዛሬም ይሠራል?» አንዳንዱ ይቀየመኛል። ይቀየም።

አንድ የስልክ ጠጋኝ ወዳጄ ደግሞ «ሙያውን በነፃ ስትበትኑት እኛ ምን እንብላ?» ብሎኛል። ቀልድ አይደለም፣ እሱ ቤተሰብ ያስተዳድራል። እኔ እስከማየው ግን ጽሑፉን ያነበበ ሰው ሴሉን ለማስለካት፣ ሽቦውን ለማስበየድ ወደ እሱ ነው የሚመጣው። አሁን ለልኬት የተወሰነ ሳንቲም ያስከፍላል፤ ጽሑፋችን ላይም «ጠጋኝ ጋ ስትሄዱ በነፃ አትጠብቁ» የሚል ጨምረናል።

ሳልረሳው፣ እኛ ስደተኞች ነንና ፎቶ ስንለጥፍ ከሌላው ሰው ይልቅ መጠንቀቅ አለብን። ስልክ ፎቶ ሲያነሣ ቦታውን ፎቶው ውስጥ ሊመዘግብ ይችላል። የካሜራውን ሴቲንግ ከፍታችሁ ሎኬሽን የሚለውን አጥፉ። በተለይ ፎቶውን በቴሌግራም እንደ ፋይል ስትልኩ ያ መረጃ አብሮ ይሄዳል። የልጆች ፊት፣ የቤት ቁጥር፣ የራሽን ካርድ ከኋላ እንዳይታይ እዩ። የስልክ ቁጥራችሁን የግሩፑ ሰው ሁሉ እንዳያየው ማድረግም ይቻላል፣ ፕራይቬሲ በሚለው ውስጥ። የምናሳየው እጅና ዕቃ ብቻ ቢሆን ይበቃል። ሰው ማንነቱን ደብቆም ጥሩ ሠሪ መሆን ይችላል።

ናኪቫሌ ያሉት እናት ከዚያ ማታ በኋላ ግሩፑን ለቀው ይሄዳሉ ብዬ ነበር። አልሄዱም። በአንድ ሴል እንደገና ሠሩት፣ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ጥላ አድርገውለት ስፌት መኪናው ላይ ሰቀሉት። እንዴት እንዳደረጉትም በራሳቸው አነጋገር ጽፈው ላኩ፤ ስምንት ፎቶ አለው፣ በየፎቶው ላይ ቢክ ተቀምጧል። የእሳቸው ጽሑፍ የሚጀምረው ከእኔ ላይ ባልነበረ መስመር ነው፦ «መጀመሪያ አጠገባችሁ ያለውን ጨርቅ ሁሉ አንሡ፤ ልጆች ከተኙም ሥራውን ለነገ አቆዩት።» ግሩፑ ላይ ፒን የተደረገው አሁን የእኔ ሳይሆን የእሳቸው ነው።