የውሻ የመዥገር ማሰሪያ ምን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል?

ውሻ ለገበሬ ምን እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። በጨንቻ ደጋ በጉን ከጅብ የሚጠብቀው፣ በቆላው በቆሎውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ የሚያስጥለው እሱ ነው። ይኸው ውሻ ግን መዥገርና ቁንጫ ሲወረው ሲያክ ያድራል፣ ይከሳል። ቁንጫውም ወደ መኝታችን ይሻገራል።

ለዚህ ከተሠሩት መድኃኒቶች አንዱ በውሻ አንገት ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ነው። ሲያዩት ተራ ጠፍር ይመስላል። ውስጡ ግን መርዝ አለበት። መርዙ ቀስ እያለ እየወጣ በውሻው ቆዳና ፀጉር ላይ ይሰራጫል፤ መዥገሩ ሲነካው ይሞታል። አንዳንዱ ማሰሪያ እስከ 8 ወር ይሠራል።

መርዙ ለእናንተ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው የደቡብ ስምጥ ሸለቆ የቆላ ዝንብ ማጥፊያ ፕሮጀክት ገንዲን ለመከላከል በከብት ጀርባ ላይ ያፈስስ የነበረው ዴልታሜትሪን በአንዳንድ የውሻ ማሰሪያ ውስጥም አለ።

ብዙው ውሻ ምንም አይሆንም። አንዳንዱ ግን አንገቱ ይቀላል፣ ፀጉሩ ይረግፋል፣ እያከከ ያቆስለዋል። ይህ በተለይ ማሰሪያው ሲጠብቅ ይብሳል። ስለዚህ ስታስሩ በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት ይግባ። ቡችላ ያድጋል፤ ለመስቀል የላላው ለገና ያንቀዋል። በየሳምንቱ እዩት። ቆዳው ከቀላ ፈትታችሁ አንገቱን በውኃና በሳሙና እጠቡ።

ከባዱ ጉዳት መርዙ ወደ ሰውነቱ ሲገባ ነው። ማሰሪያውን ያኘከ ውሻ፣ ወይም የጓደኛውን ማሰሪያ የነከሰ ውሻ፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል። ያን ጊዜ አትዘግዩ። እጃችሁን በላስቲክ ሸፍናችሁ ማሰሪያውን ቁረጡ፤ ገላውን እጠቡ፤ የማሰሪያውን ማሸጊያ ይዛችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሂዱ። ወተት ወይም ዘይት አትጋቱት። ሐኪሙ አንዱን ዓይነት መርዝ አትሮፒን በሚባል መርፌ ያክመዋል፤ ለሌላው ዓይነት ግን ይህ መርፌ አይሆንም። ማሸጊያው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ማሰሪያውን ያጣ ሰው ጨርቅ በዲያዚኖን ወይም በእህል መድኃኒቱ በማላቲዮን ነክሮ በውሻው አንገት ላስር ቢልስ? በፍጹም! የከብት ዲያዚኖን በልክ በውኃ የሚበጠበጥ ኃይለኛ መርዝ ነው። ውሻ ደግሞ ከበሬ እጅግ ያነሰ ነው፤ ገላውንም ይልሳል። በነርቭ ላይ የሚሠራ መርዝ ስለሆነ ትንፋሹን አቋርጦ ሊገድለው ይችላል። ልጆቻችሁስ? ውሻውን ያቅፋሉ፣ በዚያው እጃቸው ቆሎ ይበላሉ። እንደ ዶርዜ ቤት ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ቤት መርዙ የት ይቀራል? እኔን ከውሻው ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ማሰሪያ ከገዛችሁ በማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። አንዳንዱ ከ7 ሳምንት፣ ሌላው ከ12 ሳምንት በታች ለሆነ ቡችላ ክልክል ነው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ቢሆን ተማሪ ልጅ ያንብብላችሁ፤ ቁጥሩን ግን እናንተው ታነባላችሁ። የውሻውን ማሰሪያ ለድመት አትሰሩ፤ በአንዳንዱ ውስጥ ያለው ፐርሜትሪን ድመት ይገድላል። ዓሣንም ይፈጃልና ውሻውን ማሰሪያውን እንዳሰረ በኩልፎ ወንዝ አታጥቡ፤ አሮጌውንም ወደ ጫሞ ሐይቅ አትወርውሩ።

ማሰሪያ የሌለው ገበሬም ምንም አልጎደለበትም። መዥገሩን በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንቀሉ፤ በጣት አታፍርጡት። የውሻውን መኝታ ጠርጋችሁ ጉድፉን አቃጥሉ፤ የሚተኛበትን ጨርቅ በፈላ ውኃ ቀቅሉ። የቁንጫ እንቁላል ከውሻው ላይ ወርዶ መሬት ላይ ስለሚፈለፈል ይህን በየሳምንቱ ደጋግሙት።