ከቦታ ወደ ቦታ ስለሚዛወር የዶሮ ቤት

ለየወረዳው ሹማምንትና ለእርሻ ሠራተኞች፤

የሌማት ትሩፋት ሥራ በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ዶሮ ማርባት ከሚበረታቱት ሥራዎች አንዱ ሆኗል። ለብዙ እናቶችም የእንቁላል ዋጋ የጨውና የደብተር መግዣ ነው። ዳሩ ግን ዶሮ በሜዳ ስትለቀቅ ጭልፊት ይነጥቃታል፤ ከጎረቤት ጓሮም ገብታ ጠብ ታነሣለች። በቋሚ ቤት ስትዘጋ ደግሞ ሌላ ጉዳት ይመጣል።

ለዚህም በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል ያለው የአቃቂ ቃሊቲ ምድር ምሳሌ ይሆነናል። ብዙው አፈሩ ጥቁር መረሬ ስለ ሆነ በክረምት ውኃ ይቋጥራል። ዶሮዎች በአንድ ስፍራ ሲቆዩ ኩሱና ጭቃው ይቀላቀላል፤ ከዚህም ጫጩት የሚፈጅ፥ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይነሣል። የበሽታው ዘር ከኩስ ጋር ከወጣ በኋላ እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ለመጉዳት ይበቃል። ስለዚህ ብልሃቱ ዶሮዎቹን ከኩሳቸው ላይ በየቀኑ ማንሣት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለ8 ዶሮዎች ርዝመቱ 3 ሜትር፥ ወርዱ 1 ሜትር ከ20፥ ቁመቱ 1 ሜትር የሆነ ቤት ከቀጫጭን ባሕር ዛፍ ይሠራል። ከርዝመቱ 1 ሜትሩ በሳንቃ ተጋርዶ፥ በቆርቆሮ ተከድኖ ማደሪያ ይሆናል፤ በውስጡም ሁለት የመስፈሪያ እንጨትና ሁለት የእንቁላል መጣያ ሣጥን ይደረጋል። የማደሪያው ወለል ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በሽቦ ወንፊት ይነጠፋል፤ ሸለምጥማጥ ከሥር ቆፍሮ እንዳይገባ በሩም ሌሊት ይዘጋል። የቀረው 2 ሜትር ጎኑና ላዩ በሽቦ ተሸፍኖ፥ ሥሩ ክፍት ሆኖ፥ ዶሮዎቹ ሣርና ትል የሚለቅሙበት ይሆናል። በግራና በቀኝ ረጃጅም እንጨት ቢታሰርበት ሁለት ሰዎች እንደ ቃሬዛ ያነሡታል።

ቤቱ በየማለዳው በወርዱ ልክ ወደ ጎን ይዛወራል። 3.6 ካሬ ሜትር ስለሚይዝ 108 ካሬ ሜትር ሣር ያለው ሰው በ30 ቀን አንድ ጊዜ ያዞረዋል። ጓሮው የጠበበ ሰው የዶሮዎቹን ቁጥር ይቀንስ እንጂ ቤቱን አያቁመው። ዝናም በበረታ ጊዜ ከፍ ባለው ስፍራ ይቀመጥ፤ ከሥሩም ጭድ ይጐዝጐዝ። ሣርና ትል ብቻቸውን ስለማይበቁ እህልና ንጹሕ ውኃ ይጨመር።

ነገር ግን ቤቱ የሚዛወርበት ምድር ንጹሕ ካልሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። የአቃቂ ወንዝ ከከተማውና ከፋብሪካዎች የሚወርደውን ፍሳሽ የተሸከመ ነው፤ በውኃው በሚጠጡ እርሻዎችም እንደ እርሳስ ያሉ ጎጂ ማዕድናት መኖራቸው በምርመራ ታውቋል። ዶሮ እየጫረች አፈር ስለምትውጥ በአፈሩ ያለው መርዝ ወደ እንቁላሏ ይገባል፤ እንቁላሉንም የሚበላው ሕፃን ነው። «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» የሚለው ተረት በዚህ ስፍራ እውነት ይሆናል። ስለዚህ ወንዙ በሚሞላበት ዳርቻና ቆሻሻ በተጣለበት መሬት ቤቱ አይቀመጥ።

ይህ ቤት ፈንግልን አይከለክልም። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ የሚያዘጋጀው ክትባት በጊዜው ይሰጥ፤ ከገበያ የመጣች ዶሮም 2 ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ።

ሹማምንቱም ይህን በቃል ከማስረዳት ይልቅ አንዱን ቤት በሕዝብ ፊት አሠርተው በየማለዳው ሲዛወር ቢያሳዩ፥ ባላገሩ በዓይኑ አይቶ ይከተላል።