ምጣድ፣ ፊዚክስና ባህል

ሳይንስና ቴክኖሎጂ የኅብረተሰብን ባህል ይለውጣሉ ሲባል ዘወትር እንሰማለን። ባህል በበኩሉ ቴክኖሎጂው ምን ዓይነት ቅርጽ፣ መጠንና አሠራር ሊኖረው እንደሚገባ የሚወስን መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ይህን የሁለትዮሽ ግንኙነት ለማሳየት ከሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ አላስፈለገንም፤ በየቤታችን ማድ ቤት የሚገኘው የእንጀራ ምጣድ ይበቃናል።

እንደሚታወቀው ምጣድ ዲያሜትሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ሴንቲሜትር የሚደርስ ጠፍጣፋ ሸክላ ነው። ሸክላ ደግሞ ደካማ ሙቀት አስተላላፊ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ፊዚክስ የተማረ ሰው ሁሉ «ታዲያ ለምን በብረት አይተካም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኛም ትምህርታችንን በውጭ አገር ጨርሰን በተመለስንበት ሰሞን ይህንኑ ጥያቄ ለተማሪዎቻችን የመመረቂያ ፕሮጀክት አድርገን ሰጥተናቸው ነበር። የብረቱ ሰሌዳ በፍጥነት ጋለ፤ ሊጡ እንደፈሰሰበት ግን ሥሩ አረረ፣ ላዩ ጥሬ ቀረ። እንዲጋግሩልን የለመንናቸው ወይዘሮ ሰሌዳውን ገልበጥ አድርገው አዩና «ልጆቼ፣ ይህ እኮ የቆሎ እንጂ የእንጀራ አይደለም» አሉን። ዶክትሬታችን በዚያች ዕለት ብዙም አላገለገለንም።

ወይዘሮዋ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተናገሩትን ነገር እኛ በቀመር ለማስረዳት ጥቂት ጊዜ ወስዶብናል። የተለያየ መጠነ ሙቀት ያላቸው ሁለት አካላት ሲነካኩ በመገናኛቸው ላይ የሚፈጠረው መጠነ ሙቀት ከሁለቱ ወደ አንደኛው ያደላል። ወደ የትኛው እንደሚያደላ የሚወስኑት የእያንዳንዱ አካል ሙቀት አስተላላፊነት፣ እፍግታና ሙቀት የመያዝ ችሎታ ናቸው። 210 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጋለ ሸክላ ላይ 20 ዲግሪ የሆነ ሊጥ ቢፈስና የሊጡን ጠባይ እንደ ውኃ ብንቆጥረው በመገናኛው ላይ የምናገኘው 100 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚያው መጠን በጋለ ብረት ላይ ቢፈስ ግን 190 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ስሌቱ ትነትን ያልጨመረ ግምታዊ ስሌት ቢሆንም ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሸክላው ሊጡን ሳያሳርር ውኃውን ያፈላዋል፤ እንፋሎቱም በቡኮው ወቅት ከተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ወደ ላይ ሲወጣ የእንጀራውን ዓይን ይከፍታል። አክንባሎው ደግሞ እንፋሎቱን አፍኖ ላዩን ያበስላል። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር የሚሟሸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዘሩ ዘይት በሙቀት ኃይል ወደ ጠንካራ ስስ ሽፋን ተለውጦ እንጀራው እንዳይጣበቅ ያደርጋል። እናቶቻችን ይህን ሁሉ ያወቁት ያለ ቴርሞሜትር ነው።

ይህ ማለት ግን የነበረው ሁሉ ይቀጥል ማለት አይደለም። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እንጨት ከሚያወጣው ሙቀት ለሥራ የሚውለው ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ብቻ ነው። የቀረው ጭስና የባከነ ሙቀት ነው፤ ጭሱን የሚተነፍሱት እናቶችና በጀርባቸው ያዘሏቸው ሕፃናት ናቸው፣ እንጨቱን ለመልቀም ከትምህርት ቤት የሚቀሩትም በአብዛኛው ልጃገረዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተስፋፋው «ምርጥ» ምድጃ የማገዶ ፍጆታውን ወደ ግማሽ ሊያወርደው የቻለው ምጣዱን ሳይነካ ዙሪያውን ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተሠራ ግድግዳ በመክበቡ ነው። አበው «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» ይላሉ፤ ጋጋሪዎችን ሳያማክሩ የተነደፉ ምድጃዎች ግን አይጧን ለመግደል ምጣዱን የሰበሩ ናቸው።

የፀሐይ ምድጃን እንውሰድ። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀትር ላይ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ያህል ታሳርፋለች። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ የሚፈልግ በመሆኑ ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ 3.5 ካሬ ሜትር መስተዋት ያስፈልጋል። ከዚህ የሚከብደው ግን እንጀራ በአብዛኛው የሚጋገረው ማለዳ ወይም ማምሻ ላይ፣ በዚያውም ላይ ከደጅ ሳይሆን ከማድ ቤት መሆኑ ነው። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር የፀሐይን ሙቀት በናይትሬት ጨው ውስጥ አጠራቅሞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለመጋገር ያደረጉት ሙከራ የተነሣው ከዚሁ ችግር ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ትክክለኛው አቅጣጫ ነው፤ ዋጋው ግን ገና ከቤተሰብ አቅም በላይ ነው።

በከተማ ድል ያደረገው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። በሸክላው ጀርባ ላይ ጠመዝማዛ ቦይ ይቆፈራል፣ ሠራተኞቹ «ሬዚስታንስ» የሚሉት ሽቦ ይዘረጋበታል፣ በጄሶም ይደፈናል። ሸክላው እንዳለ ሆኖ የተቀየረው እሳቱ ብቻ ነው። ሆኖም እሳቱ ሲቀየር የጋገራው ልማድም ተከትሎ ተቀየረ፤ መጋገሪያው ቀን መብራት የሚኖርበት ቀን ሆነ፣ መብራት ሲጠፋም ሊጡ ይኮመጥጣል። ይህን የሰለቹ ብዙ የከተማ ቤተሰቦች እንጀራ ከሱቅ መግዛት ጀመሩ።

በ220 ቮልት 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ የሽቦው ተቃውሞ 13.8 ኦም ገደማ ነው። የበዓል ዋዜማ ደርሶ የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲሰካ ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ ኃይሉ በቮልቴጁ ካሬ ስለሚቀንስ 2,340 ዋት ያህል ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ጋጋሪዋ በአንድ ሰዓት ትጨርሰው የነበረው ሥራ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅባታል። በዚህ መካከል ጎረቤቷም ትሰካለች፤ አብረው የሚሠሩት ምጣዶች ቁጥር ይጨምራል፣ ቮልቴጁም የባሰውን ይወርዳል። የመስመሩን ውፍረት የሚያሰላ መሐንዲስ ቀን መቁጠሪያውንም ማየት ይኖርበታል የምንለው ለዚህ ነው።

አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ መፍትሔ አግኝተዋል። ኖርዌያውያን «ሌፍሰ» ለሚሉት የድንች ቂጣ የተሠራውን 40 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ለእንጀራ አዋሉት። ሰሌዳው ከብረት ወገን በመሆኑ ከላይ ያልነው የማረር ችግር እዚያም አለ፤ ሙቀቱን በመቆጣጠሪያው ዝቅ በማድረግና ጤፉን ከሌላ ዱቄት ጋር በመቀላቀል ያስማሙታል። እንጀራው ግን ከአገር ቤቱ አንሶ ቀርቷል።

ቮልት መለኪያ ያላችሁ አንባብያን በሚቀጥለው በዓል ዋዜማ ከረፋዱ ጀምሮ እስከ ምሽት በየግማሽ ሰዓቱ የቤታችሁን ቮልቴጅ እየለካችሁ መዝግቡ። አንድ እንጀራ ለመብሰል የሚፈጅበትን ደቂቃም አብራችሁ ጻፉ፤ ሰዓቱን መቼ ማስነሣትና መቼ ማቆም እንደሚገባ ግን ጋጋሪዋን ጠይቁ።