ከባንክ መስኮት ወደ መድኃኒት ባንኮኒ

ፋርማሲን ሁለተኛ ሙያቸው ለማድረግ የሚነሡ ሰዎች በብዛት የሚያቀርቡት ጥያቄ አንድ ነው፤ የመድኃኒቶቹን ስም ለመያዝ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል የሚል ነው። ጥያቄው ከመምህሩም፣ ከባንክ ሠራተኛውም፣ ኬሚስትሪ ተምሮ ፋብሪካ ውስጥ ከሠራውም፣ ልጆቿን አሳድጋ ወደ ትምህርት ከተመለሰችው እናትም ይመጣል። ከጥያቄው ሥር የተቀመጠው ግምትም ያው ነው፦ ፋርማሲ ማለት መደርደሪያ ነው፣ በመደርደሪያው ላይ ያለውን በስሙ ለይቶ ማውረድ የቻለ ሰው ባለሙያ ነው፣ የቀረው ሒሳብና ትሕትና ነው። ይህ ግምት ከሙያው ውጭ ባሉ ሰዎች ዘንድ ብቻ ቢቀር ኖሮ ብዙም ባላሳሰበ ነበር፤ ነገር ግን ከተማሪው ጋር ወደ ክፍል ይገባል፣ ፈተና ያልፋል፣ ፈቃድ ያወጣል፣ በመጨረሻም ነጭ ጋዋን ለብሶ ከባንኮኒው ጀርባ ይቆማል።

መንገድ ቀይሮ መምጣት በራሱ ነውር የለውም፤ ለሙያውም እንግዳ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ ከተከፈቱት ቀደምት መድኃኒት ቤቶች አንዱን በ1910 (እ.ኤ.አ.) ያቋቋሙት ጆርጂያዊው ዶክተር ሜራብ በሙያቸው ሐኪም ነበሩ። አገሪቱ ፋርማሲስቶችን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ማሠልጠን የጀመረችው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ተቋም ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ሥራው በአብዛኛው በውጭ አገር ሰዎችና ሥራውን እየሠሩ በተማሩ ረዳቶች ትከሻ ላይ ነበር። ስለዚህ በሠላሳ አምስት ወይም በአርባ ዓመት ዕድሜ የሚመጣን ተማሪ ገና በበሩ ላይ በጥርጣሬ የሚያዩ ባልደረቦች የሚከላከሉለት ንጹሕ የዘር ሐረግ የለም። ጥያቄው ሰውየው ከየት መጣ ሳይሆን፣ ከመጣበት ቦታ ምን ይዞ መጣና ምን መተው አለበት የሚለው ነው።

በዚህ ረገድ ባለሙያዎችን ደጋግሞ የሚያወያይ አንድ ጉዳይ አለ። በባንክ የሒሳብ ክፍል ለብዙ ዓመታት ሠርቶ ፋርማሲ የተማረ አንድ ሰው በአንድ የግል መድኃኒት ቤት ልምምድ ላይ ሳለ፣ በዐቢይ ጾም ወቅት አንዲት እናት የመድኃኒት ማዘዣ ይዘው ይመጣሉ። የታዘዘላቸው ግሊቤንክላማይድ ነበር፤ ይህም ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋ፣ ለስኳር ሕመም የሚሰጥ እንክብል ሲሆን፣ ሆድ ውስጥ ምግብ ይኑርም አይኑርም መግፋቱን አይተውም። ተለማማጁ ማዘዣውን በጥንቃቄ አነበበ፣ ትክክለኛውን መድኃኒት በትክክለኛው ጥንካሬና ቁጥር ቆጠረ፣ የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውን አየ፣ «ጠዋት ጠዋት አንድ» ብሎ ጻፈላቸው፣ በቢን ካርዱ፣ ማለትም የእያንዳንዱ መድኃኒት ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ካርድ፣ ላይም ወዲያው አወራረደ። እናትየው ወደ በሩ ሲያመሩ ነባሯ ፋርማሲስት ጠርታ እህል የሚቀምሱት በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀቻቸው፤ እርሳቸውም ከቅዳሴ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ነው ብለው መለሱ። ጠዋት የተዋጠው እንክብል በዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ ደማቸው ውስጥ ያለውን ስኳር እያወረደ ይቆያል ማለት ነው። ፋርማሲስቷ ለሐኪሙ ደወለች፣ ትእዛዙም ተለወጠ። በኋላ ነገሩ ሲነሣ ተለማማጁ የጠየቀው «ማዘዣው ላይ ስሕተቱ የቱ ጋ ነበር?» ብሎ ነው።

ጥያቄው መልስ የሚያሳጣው ትክክል ስለሆነ ነው። ማዘዣው ላይ ስሕተት አልነበረም፤ ቆጠራውም፣ መዝገቡም፣ ዋጋውም ልክ ነበር። አደጋው የነበረው በወረቀቱ ላይ ባልተጻፈ ነገር ውስጥ ነበር፤ ወረቀቱን ከደብተር ጋር ማመሳከር ሙያው የሆነ ሰው ደግሞ ያልተጻፈን ነገር እንዲፈልግ ያስለመደው የለም። ቤተ ክርስቲያን ሕሙማን እንዲጾሙ ባታስገድድም ብዙ አረጋውያን ከጾማቸው እንደማይለዩ፣ በረመዳንም ተመሳሳይ ጥያቄ ከሱሑር እስከ ኢፍጣር ባለው ጊዜ እንደሚነሣ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ኩላሊት ደግሞ ይህን መድኃኒት በዝግታ እንደሚያስወግድ የሚያውቅ ባለሙያ፣ ስኳር፣ ዕድሜና ወቅት የሚሉትን ሦስት ነገሮች ባንኮኒው ላይ ያገናኛቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 (እ.ኤ.አ.) በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ በግሊቤንክላማይድ ምትክ ግሊክላዛይድን ያስገባው በተለይ አረጋውያንን ከዚህ የስኳር መውረድ ለመጠበቅ ነው፤ ዝርዝር ግን ባንኮኒ ላይ ቆሞ ሰው አይጠይቅም።

ስም ማወቅ ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም፤ ስም የማያውቅ ሰው ከመደርደሪያው ሊጠጋ አይገባውም። ይሁን እንጂ የስም ዕውቀት ከሙያው ትንሹና በቶሎ የሚገኘው ክፍል ሲሆን፣ አንድ መድኃኒት በየፋብሪካው በተለያየ የንግድ ስም በሚመጣበት ገበያ ውስጥ ደግሞ በስም ብቻ መመካት ራሱ ወጥመድ ይሆናል። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል የሚወስድ ሰው ለጉንፋን ሌላ ስም ያለው ካርቶን ሲገዛ፣ በዚያም ውስጥ ፓራሲታሞል እንዳለበት የሚነግረው ከሌለ፣ ለአዋቂ ሰው የተወሰነውን የቀን ጣሪያ፣ ማለትም 4 ግራም ወይም ስምንት ባለ 500 ሚሊግራም እንክብሎችን፣ ሳያውቀው ሊያልፍና ጉበቱን ሊጎዳ ይችላል። ሁለቱንም ስሞች በቃሉ የያዘው ሻጭ ሁለቱንም በትሕትና ያወርድለታል።

ነገሩ ይበልጥ የሚገለጠው በመድኃኒቶች መስተጋብር ላይ ነው፤ መስተጋብር ማለት አንዱ መድኃኒት የሌላውን ሥራ ሲያዳክም፣ ሲያበረታ ወይም ሲለውጥ የሚፈጠረው ሁኔታ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያፈርስበትን ፍጥነት ስለሚጨምር፣ በክንዷ ቆዳ ሥር የወሊድ መከላከያ ያስቀበረች ወይም የመከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች። ሲፕሮፍሎክሳሲን ከጨጓራ ማብረጃ ጋር አንድ ላይ ከተዋጠ በውስጡ ካሉት ማዕድናት ጋር ተጣብቆ በአመዛኙ ሳይመጠጥ ያልፋል፤ ሕመምተኛውም መድኃኒቱ «አልሠራም» ብሎ ሌላ ፀረ ተሕዋስያን ይጠይቃል። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ለሆድ ሕመም ሜትሮኒዳዞል ሲጨመርለት ደሙ ከሚፈለገው በላይ ቀጥኖ መድማት ሊከተል ይችላል። ከእነዚህ ጉዳዮች በአንዱም ውስጥ የመድኃኒቱ ስም አልጠፋም፤ የጠፋው ሌላ ምን ይወስዳሉ የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜ አጥንቶ ለሁሉም ሰው በአንድ ቃና ማንበብም አይበቃም፤ ብዙ ሕሙማን የወሊድ መከላከያን፣ የጨጓራ ማብረጃን፣ ከጎረቤት የተቀበሉትን እንክብል ከመድኃኒት አይቆጥሩትምና፣ መልሱ «ምንም» ሆኖ ይመለሳል።

ከንግድ ወይም ከሒሳብ ሥራ የሚመጣ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚቸገረው በዚህ ሳይሆን በእንቢታ ነው። በሱቅ ውስጥ ገዢ ባዶ እጁን ከተመለሰ ኪሳራ ነው፤ በፋርማሲ ውስጥ ግን ከቀኑ ሥራ ትልቅ ድርሻ የሚይዘው ማቆየት፣ መመለስ፣ ለሐኪም መደወልና መከልከል ነው። ለጉንፋን አሞክሳሲሊን የሚጠይቅ፣ ያለ ማዘዣ የመጣ፣ በዚያም ላይ ግማሽ ስትሪፕ ብቻ የሚፈልግ ሰው በየቀኑ ይመጣል፤ ትራማዶል ለወገብ ሕመም ነው ብሎ በሳምንት ውስጥ ተመልሶ የሚመጣ ወጣትም እንዲሁ። ጉንፋን በቫይረስ ስለሚመጣ ፀረ ባክቴሪያ እንደማያድነው፣ ጎዶሎ መጠን ደግሞ መድኃኒቱን የለመዱ ተሕዋስያንን እንደሚያፈራ ማንኛውም የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይናገራል፤ ሰልፉ እየረዘመ፣ ደንበኛው እየተቆጣ፣ የቤቱ ባለቤት ከገንዘብ ተቀባዩ አጠገብ ቆሞ እያየ ይህንኑ መናገር ግን ሌላ ነገር ነው። መሸጥን በጥሩ ሁኔታ የለመደ ሰው እንቢ ማለትን እንደ ሥራ ጉድለት ይቆጥረዋልና፣ ይህን ልማድ ለመተው ከፋርማኮሎጂ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ነባሮቹ ባለሙያዎች መኩራራት አይችሉም። ፋርማሲን ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በቀጥታ የተማሩና የሙያ ፈቃዳቸውን ለሌላ ሰው አከራይተው የወር ክፍያ ብቻ የሚሰበስቡ ሰዎች መኖራቸው የአደባባይ ምስጢር ነው፤ ፋርማሲ መደርደሪያ ነው የሚለውን ግምት ከማንም በላይ የሚያጸኑትም እነርሱ ናቸው፣ ባለሙያው በሌለበት ቤቱ ሲሠራ የሚያይ ሕዝብ ባለሙያው ያስፈልጋል ብሎ የሚያምንበት ምክንያት የለውምና።

በሌላ በኩል ከሌላ ሙያ የሚመጡ ሰዎች ይዘውት የሚመጡት ሀብት በአግባቡ አይታይም። ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተነሥቶ ወደ ሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎች የተስፋፋው፣ በምሕፃሩ ኤፒቲኤስ የሚባለው፣ የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት ለኦዲት ክፍት እንዲሆን የሚያደርገው አሠራር፣ የሒሳብ ባለሙያን ወደ ፋርማሲው ክፍል ያስገባው እያንዳንዱ እንክብል ከግዢ እስከ ታካሚው እጅ ድረስ ካልተከተሉት ብክነትም ስርቆትም እንደሚኖር ስለታወቀ ነው። መምህር የነበረ ሰው ለሕመምተኛ ያስረዳውን መልሶ ያስነግረዋል፤ ይህም ሌላው ባለሙያ በሥልጠና እንኳ በቀላሉ የማይለምደው ነገር ነው። ነርስ የነበረች ሴት ሕመምተኛ መድኃኒቱን ሳይውጥ «ውጫለሁ» ሲል ከፊቱ ታውቃለች፤ ነገር ግን የሐኪምን ትእዛዝ መፈጸም የሥራዋ እምብርት ሆኖ ስለኖረ፣ ስልክ አንሥታ «ዶክተር፣ ይህ መጠን ለዚህ ሕፃን ክብደት በዝቷል» ማለት ከማንም ይልቅ ይከብዳታል። የኬሚስትሪው ምሩቅ በበኩሉ ሞለኪዩሉን አብጠርጥሮ ያውቃል፤ ሰውነትን ግን እንደ ላቦራቶሪ ብርጭቆ የሚያይበት ዓመት አለ፤ የጨመሩበትን ያህል ምላሽ የሚሰጥ፣ የማይረሳ፣ የማይጾም፣ ገንዘብ ሲያጥረው መድኃኒቱን ለሁለት የማይካፈል።

ስለዚህ እነዚህ ሰዎች የትምህርቱን ርዝመት ሲያማርሩ፣ ቅሬታው የሚያነጣጥረው በአብዛኛው መነካት በማይገባው ክፍል ላይ ነው። በኢትዮጵያ የፋርማሲ ዲግሪ ከአራት ወደ አምስት ዓመት ከፍ ያለው ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሕመምተኛን ማዕከል ያደረገው ሥርዓተ ትምህርት ሲገባ ሲሆን፣ የተጨመረው ጊዜ ዋና ዓላማ ተማሪው በሕሙማን መኝታ ክፍሎች ከሐኪሞች ጋር እየዞረ እንዲማር ነው። ቀድሞ ኬሚስትሪ የተማረ ሰው የኬሚስትሪው ኮርስ ቢያዝለት አግባብ ነው፤ እንዲቀርለት የሚጠይቀው ግን ብዙ ጊዜ ይኸኛው፣ ከሥራው ጋር የማይመች፣ በማታ የማይሰጠው የመኝታ ክፍል ልምምድ ነው።

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን በውድ ዋጋ ተምረውታል። በውጭ አገር የተማረ ፋርማሲስት በዚያ ለሚሰጠው የአቻነት ፈተና ለመቅረብ፣ ከ2003 (እ.ኤ.አ.) መግቢያ ጀምሮ ከተመረቀ፣ ቢያንስ የአምስት ዓመት ሥርዓተ ትምህርት የጨረሰ መሆን ስላለበት፣ በአራት ዓመት የተመረቁት በሩ ተዘጋባቸው። ከመምህርነት ወይም ከምሕንድስና ተነሥተው ወደ ፋርማሲ የሚገቡት ደግሞ ብዙዎቹ በቴክኒሻንነት ይጀምራሉ፤ ቴክኒሻኑ ይቆጥራል፣ ይለጥፋል፣ ያስከፍላል፣ ስለ መድኃኒቱ ማስረዳት ግን ለፋርማሲስቱ ብቻ የተተወ ስለሆነ፣ ሕመምተኛው ጥያቄ ሲያነሣ እጁን አንሥቶ ፋርማሲስቱን ይጠራል። ሁለቱ ሥራዎች በግልጽ ተለይተው ስለሚታዩ፣ ሙያውን መማር የሚሻው ሰው የሚሻገረው መስመር የት እንዳለ ከመጀመሪያው ቀን ያያል። በኢትዮጵያ ባንኮኒ ላይ መቁጠሩም፣ ማስከፈሉም፣ ማስረዳቱም በአንድ ሰው፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስለሚፈጸም፣ አዲስ መጪው የትኛው የሥራው እምብርት እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል፤ በሰልፉ ግፊት ቀድሞ የሚወድቀውም ማስረዳቱ ነው።

እንግዲህ ኮሌጆች እነዚህን ተማሪዎች ሲፈትኑ ሃያ ስሞችን ከጥቅማቸው ጋር አዛምድ ከማለት ይልቅ፣ ምንም ስሕተት የሌለበት ማዘዣ ሰጥተው ለሕመምተኛው የሚቀርቡትን ጥያቄዎች ጻፍ ቢሉ፣ የባንክ ሠራተኛው የጠየቀው ጥያቄ ገና ክፍል ውስጥ ሳለ ይነሣ ነበር። ከዚህ የሚከብደው ግን የልምምድ ቦታው ነው፤ ተለማማጁ በቀን ስንት ሰው ያለ መድኃኒት እንደመለሰ፣ ስንት ጊዜ ለሐኪም እንደደወለና ምክንያቱን በጽሑፍ የሚያስመዘግብ ቤት በብዛት አይገኝም፤ ማታ በር ሲዘጋ የሚቆጠረው ገንዘብ ብቻ ነው፣ የተለማማጁ የወደፊት ደመወዝም የሚወሰነው በዚያ ቆጠራ ነው።