መታወቂያ የማይጠየቅበት ስብሰባ

እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣችው ሕግ ሱቆች ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መጠጥ እንዳይሸጡ ይከለክላል። በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ግን የመጠጫውን ሰዓት የሚወስነው ፈረቃው ነው። የሌሊት ተረኛው ከሥራ ሲወጣ ኪዮስኩ ተከፍቷል፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሄደዋል፤ ቤቱ ባዶ ነው። “እንቅልፍ እንዲወስደኝ” ተብሎ የተጀመረ አንድ መለኪያ ቮድካ እያደር ጠርሙስ ይሆናል።

ወደ ሪቫሃ (ማኅበራዊ አገልግሎት) ቢሮ ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትመጣው ሚስት ናት። ባልየው በስንት ልመና ሲመጣ ደግሞ የቢሮው ባለሙያ “ጋሼ፣ ይጠጣሉ?” ብላ ከጠየቀች መልሱ የታወቀ ነው፦ “በበዓል ብቻ፣ ልጄ።” ቤት የተጠመቀ ጠላ በእሳቸው ቤት ከመጠጥ አይቆጠርም፤ የሰርግና የለቅሶ ቤት ብርጭቆም እንዲሁ። ልምድ ያላት ባለሙያ ጥያቄውን ትለውጣለች፦ “ትናንት ከሥራ ሲመለሱ ምን ቀመሱ? ከዚያስ?” ጨዋታው የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ምክር ግን “የጠጪዎች ስብሰባ ይሂዱ” አይደለም። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል በሽታን የመሰለ መንቀጥቀጥ ሊይዘው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን መቃዠትና ከፍተኛ ትኩሳት ሊከተል ይችላል፤ ይህም ይገድላል። ስለዚህ ቀድሞ የሚሄዱት የኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅት) ሐኪም ዘንድ ነው። ሐኪሙ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ያዛል፤ ካስፈለገም ጌሚላ (ከሱስ የማላቀቅ ሕክምና) ወደሚሰጥበት ተቋም ይልካል። “በወንድነቴ አቆማለሁ” የሚል ሰው ይህን ቢሰማ ይበጀዋል።

ስብሰባው ከዚያ ይቀጥላል። የስብሰባው ባለቤት የሆነው የጠጪዎች መረዳጃ ማኅበር፣ የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ ታሪክ ራሱ የተጀመረው በፋብሪካ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 ቢል ዊልሰን የሚባል መጠጥ የተወ የኒውዮርክ የአክሲዮን ሰው ለሥራ ወደ አክሮን፣ የጎማ ፋብሪካዎች ወደሚበዙባት የኦሃዮ ከተማ ሄደ። ሥራው ከሸፈበት። ከሆቴሉ መጠጥ ቤት የሳቅ ድምፅ ሲሰማ ፈራና ወደ ስልኩ ዞረ፤ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ዘንድ እየደወለ “የሚያነጋግረኝ ሌላ ጠጪ አገናኙኝ” አለ። በማግስቱ ከቀዶ ሐኪሙ ቦብ ስሚዝ ጋር ተገናኙ። ሐኪሙ ሩብ ሰዓት ብቻ ሊቀመጥ አስቦ ነበር፤ ለሰዓታት አወሩ። ማኅበሩ ልደቱን የሚያከብረው ሐኪሙ ለመጨረሻ ጊዜ ጠጣ በሚባልበት ቀን፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 10 ቀን 1935 ነው።

ዛሬም አሠራሩ ከዚያ ብዙ አልራቀም። ወንበር በክብ ይደረደራል፤ ቡና ይፈላል። ተናጋሪው የመጀመሪያ ስሙን ብቻ ይናገራል፤ ማንም አያቋርጠውም፣ አይመክረውምም። ዝም ብሎ መቀመጥም ይቻላል። ወጪው ከአባላቱ መዋጮ ይሸፈናል፤ አዲስ መጪ ምንም አይጠየቅም። ቴኡዳት ዜሁት ሳያሳዩ አንድ ጉዳይ በማይፈጸምበት አገር መታወቂያም መዝገብም የማይጠይቅ ቦታ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ለመግባት የሚበቃው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ነው። ውጤቱም ወሬ ብቻ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ከ10,000 በላይ ሰዎች የተካፈሉባቸውን 27 ጥናቶች መርምሮ፣ ሰውን ወደዚህ ማኅበር የሚያስገባ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ከመጠጥ ርቆ በመቆየት ረገድ ከሌሎች የታወቁ የሥነ ልቦና ሕክምናዎች የተሻለ መሆኑን አሳይቷል።

ታዲያ ከኢትዮጵያ የመጣው የእኛ ሰው ለምን ይሸሻል? መታየትን ስለሚፈራ ነው። ሁሉም በሚተዋወቅበት ማኅበረሰብ በማትናስ (የማኅበረሰብ ማዕከል) በር ላይ የታየ ሰው ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤቱ ይገባል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት መፍትሔው ባቡር ነው። ቂርያት ጋት በቴል አቪቭና በቤርሼባ መስመር ላይ ናት፤ የመጀመሪያዎቹን ስብሰባዎች ሌላ ከተማ ሄዶ መቀመጥ ነውር አይደለም። ሚስትም ባሏ እሺ እስኪል መጠበቅ የለባትም፦ እ.ኤ.አ. በ1951 ለጠጪ ቤተሰቦች የተቋቋመው አል-አኖን የራሱ ስብሰባዎች አሉት።

ቋንቋውም ይከብዳል። ለፋብሪካ ሥራ የሚበቃ ዕብራይስጥ የቤትን ገመና ለማውራት አይበቃም። ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የመጡት ይህን ተረድተው በእስራኤል የሩሲያኛ ስብሰባዎች ከፍተዋል። ጽሕፈት ቤት ወይም ፈቃድ አላስፈለጋቸውም፤ በማኅበሩ ልማድ ለመዳን የተሰበሰቡ ሁለት ወይም ሦስት ጠጪዎች ራሳቸውን ቡድን ብለው መጥራት ይችላሉ።

የቂርያት ጋት ማትናስ ኃላፊዎች፣ ቄሶችና የሪቫሃ ሠራተኞች ሆይ፦ በሳምንት አንድ ጠዋት፣ የሌሊት ፈረቃ ከወጣ በኋላ፣ አንድ ክፍል ስጡ። ቁልፉን ከመጠጥ ለራቀ አንድ አማርኛ ተናጋሪ አስረክቡና እናንተ ውጡ።