የማይታይ ባልንጀራ

የማይታይ ባልንጀራ ስሜት ማለት አንድ ሰው በዓይኑ ምንም ሳያይ፣ በጆሮውም ምንም ሳይሰማ፣ ሌላ አካል አጠገቡ ወይም ከኋላው እንዳለ በእርግጠኝነት የሚሰማው ስሜት ነው። ስሜቱ ብዙ ጊዜ የተወሰነ ቦታ አለው፤ ሰውየው የማይታየው እንግዳ በየትኛው ጎኑ እንደቆመና ምን ያህል እንደራቀ መናገር ይችላል። አንዳንዱን ያጽናናል፣ ሌላውን ያስፈራል። በተራራ ወጪዎች፣ በመርከበኞች፣ በሐዘንተኞች፣ በአንዳንድ የነርቭ ሕሙማንና በእንቅልፍ ዳር ባሉ ጤነኞች ዘንድ ተመዝግቧል።

ከዚህ ጋር የሚቀራረበው ሌላው ክስተት የሕፃናት ምናባዊ ጓደኛ ነው። ልዩነቱ ሕፃኑ ጓደኛውን በፈቃዱ ፈጥሮ የሚጫወትበት ሲሆን፣ የማይታየው ባልንጀራ ግን ሳይጠሩት የሚመጣ መሆኑ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጥናቱ አጀማመር

አሜሪካዊው ፈላስፋና የሥነ ልቦና ሊቅ ዊልያም ጄምስ በ1902 ባሳተመው የሃይማኖታዊ ተሞክሮ ጥናት ውስጥ ለዚህ ስሜት ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። እንደ ጄምስ አስተያየት፣ የሰው ልጅ ከታወቁት የስሜት ሕዋሳት ሌላ «እዚህ አንድ ነገር አለ» የሚያሰኝ ጠለቅ ያለ የመገንዘቢያ ስሜት ያለው ይመስላል። ጀርመናዊው ሐኪምና ፈላስፋ ካርል ያስፐርስ ደግሞ በ1913 ስሜቱን ከቅዠት ለይቶ ገልጾታል፤ ምክንያቱም በዚህ ጊዜ የሚታይም ሆነ የሚሰማ ነገር የለም፣ ያለው እርግጠኝነት ብቻ ነው።

«ሦስተኛው ሰው»

በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ክስተቱ ብዙውን ጊዜ «ሦስተኛው ሰው» ይባላል። የስሙ ምንጭ የአየርላንድ ተወላጁ አሳሽ ኧርነስት ሻክልተን የደቡብ ዋልታ ጉዞ ነው። ሻክልተንና 27 ባልደረቦቹ የተሳፈሩባት «ኤንዱራንስ» የተባለችው መርከብ በ1915 በዌዴል ባሕር በረዶ ተይዛ ተሰባበረችና ሰጠመች። ሰዎቹ በትንንሽ ጀልባዎች ኤሌፋንት ደሴት ደረሱ። ከዚያም ሻክልተንና አምስት ሰዎች በሚያዝያና በግንቦት 1916 ወደ ሰባት ሜትር በምትጠጋ ጀልባ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ማዕበል አቋርጠው ሳውዝ ጆርጂያ ደሴት ገቡ።

ይሁን እንጂ ያረፉት ሰው በሌለበት የደሴቲቱ ወገን ነበር። ስለዚህ ሻክልተን፣ ፍራንክ ዎርስሊና ቶም ክሪን ካርታ የሌለውን የበረዶ ተራራ ለ36 ሰዓታት ያህል ያለ እንቅልፍ ተሻግረው ወደ ዓሣ ነባሪ አጥማጆች መንደር ደረሱ። ሻክልተን በ1919 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዚያ ጉዞ ላይ ሦስት ሳይሆኑ አራት እንደነበሩ ደጋግሞ ይሰማው እንደነበር ጻፈ። ነገሩን ለጓደኞቹ አልነገራቸውም ነበር፤ ኋላ ግን ዎርስሊ ራሱ አንሥቶ ነገረው፣ ክሪንም ያንኑ መሰከረ። በኤሌፋንት ደሴት የቀሩት 22 ሰዎች በነሐሴ 1916 መጨረሻ ሁሉም በሕይወት ተገኙ።

ባለቅኔው ቲ. ኤስ. ኤልየት በ1922 ባወጣው «ዘ ዌስት ላንድ» በተሰኘው ረጅም ግጥም ውስጥ ይህን ታሪክ ተጠቀመበት። በግጥሙ ተጓዦቹ ሁለት፣ የማይታወቀው ደግሞ ሦስተኛ ሆነ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ካናዳዊው ደራሲ ጆን ጋይገር በ2009 ተመሳሳይ ታሪኮችን በአንድ መጽሐፍ ሰብስቦ አሳትሟል።

ሌሎች ምስክርነቶች

ጆሹዋ ስሎከም፦ ከ1895 እስከ 1898 ዓለምን በመርከብ ብቻውን የዞረ የመጀመሪያው ሰው ነው። ከአዞር ደሴቶች ከተነሣ በኋላ በሆድ ሕመም ተይዞ ሲወድቅ፣ አንድ ረጅም ሰው መሪውን ይዞ እንዳየ ጽፏል። ሰውየው የኮሎምበስ መርከብ የ«ፒንታ» መሪ ነኝ እንዳለውም ተርኳል። ይህ ከስሜት አልፎ ራእይ የሆነ ነው።

ቻርልስ ሊንድበርግ፦ በግንቦት 1927 ከኒው ዮርክ እስከ ፓሪስ ለ33 ሰዓት ተኩል ብቻውን በረረ። ከመነሣቱ በፊት በነበረው ሌሊትም አልተኛም ነበር። በዚያው ዓመት ባወጣው መጽሐፍ ያላነሣውን ነገር በ1953 ባሳተመው ሌላ መጽሐፉ ገለጠ፦ ከኋላው በአውሮፕላኑ ውስጥ ሰው መሰል ጥላዎች ነበሩ፣ ስለ በረራውም ያማክሩት ነበር።

ፍራንክ ስማይዝ፦ በ1933 የኤቨረስትን ጫፍ ሊደርስ ጥቂት መቶ ሜትሮች ሲቀሩት ብቻውን ቀረ። አብሮት ሰው ያለ መሆኑ እጅግ ስለተሰማው፣ ከኪሱ ያወጣውን ጣፋጭ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለማቀበል ዞረ፤ ከኋላው ግን ማንም አልነበረም።

ራይንሆልት ሜስነር፦ በሰኔ 1970 ከወንድሙ ከጉንተር ጋር ከናንጋ ፓርባት ተራራ ሲወርድ ሦስተኛ ተራራ ወጪ በጎኑ እንደሚሄድ ተሰምቶታል። ጉንተር በዚያው ቁልቁለት ሕይወቱ አለፈ።

እነዚህ ሰዎች የሚጋሩት ነገር አለ፦ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ብርድ፣ ረሀብ፣ ብቸኝነት፣ ለውጥ የሌለው ነጭ ወይም ሰማያዊ አካባቢ፤ በከፍታ ላይ ደግሞ የኦክስጅን ማነስ። ከነዚህ አንዱ ብቻውን በቂ ሆኖ አይገኝም። ብዙዎቹ በአንድነት ሲገጥሙ ግን ጤነኛ አእምሮም ይህን ስሜት ሊያመነጭ ይችላል።

በአንጎል ውስጥ የሚሆነው

በ2006 በስዊዘርላንድ የነርቭ ሐኪሙ ኦላፍ ብላንከና ባልደረቦቹ ለሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና የምትዘጋጅ የ22 ዓመት ሴት አንጎል በኤሌክትሪክ ሲመረምሩ ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። ከግራ ጆሮ በላይ፣ የጎንና የላይኛው የአንጎል ክፍሎች የሚገናኙበትን ቦታ ሲነኩ ሴትየዋ ከኋላዋ የሰው ጥላ እንዳለ ተናገረች። ስትተኛ ጥላው ይተኛል፤ ጉልበቷን አቅፋ ስትቀመጥ እርሱም ተቀምጦ እርስዋን ያቅፋል። ይኸው አቋሟን መከተሉ ለተመራማሪዎቹ ቁልፍ ሆነ። ጥላው የሌላ ሰው ሳይሆን የራስዋ አካል ግንዛቤ ከቦታው ተንሸራቶ የተፈጠረ መሰላቸው።

አንጎል ሰውነታችን የት እንዳለ የሚያውቀው ከቆዳ፣ ከጡንቻ፣ ከዓይንና ሚዛንን ከሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ የሚመጡትን መልእክቶች አንድ ላይ በማዋሐድ ነው። መልእክቶቹ ሳይገጥሙ ሲቀሩ አንድ አካል ሁለት ሆኖ ሊሰማ ይችላል። ይኸው ቡድን በ2014 ሐሳቡን በሮቦት ፈተነው። ዓይናቸው የተሸፈነ ጤነኛ ሰዎች ጣታቸውን ከፊታቸው ሲያንቀሳቅሱ፣ ከኋላቸው ያለው ማሽን ያንኑ እንቅስቃሴ ጀርባቸው ላይ ይደግመው ነበር። ማሽኑ ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲዘገይ አንዳንዶቹ ሌላ ሰው እየነካቸው መሰላቸው፤ ሙከራው ይቁም ያሉም ነበሩ።

ሁሉም ሙከራ ግን አልጸናም። ካናዳዊው ማይክል ፐርሲንገር በራስ ቁር ላይ በተገጠመ ደካማ መግነጢስ ይህን ስሜት መፍጠር እንደሚቻል ገልጾ ነበር። በ2005 የስዊድን ተመራማሪዎች ተሳታፊዎቹም ሆኑ ሞካሪዎቹ መግነጢሱ መቼ እንደበራ በማያውቁበት ሁኔታ ሲደግሙት፣ ለውጥ ያመጣው መግነጢሱ ሳይሆን የተሳታፊዎቹ በቀላሉ የመመሰጥ ዝንባሌ ሆኖ አገኙት።

ዱካክ

ክስተቱ በብዛት የሚያጋጥመው በተራራ ላይ ሳይሆን በአልጋ ላይ ነው። በሕልም እንቅልፍ ጊዜ ሰውነት ሕልሙን በእንቅስቃሴ እንዳይፈጽም ጡንቻዎች ይፈታሉ። አንዳንድ ጊዜ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ሰውነት ይዘገያል። ሰውየው ዓይኑ ተገልጦ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፣ ደረቱ ይከብደዋል፣ ክፍሉ ውስጥም ክፉ ነገር እንደገባ ይሰማዋል። ይህ በአማርኛ ዱካክ የሚባለው ነው። ጫት የሚቅሙ ሰዎች ሲያቋርጡ የሚመጣባቸውን አስጨናቂ ቅዠትም በዚሁ ስም ይጠሩታል። ጃፓኖች «ካናሺባሪ»፣ የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ሰዎች «አሮጊቷ» ይሉታል። የስዊዘርላንድ ተወላጁ ሠዓሊ ሄንሪ ፉሴሊም በ1781 በሣለው «ቅዠት» በተባለው ሥዕሉ በተኛች ሴት ደረት ላይ የተቀመጠ ጭራቅ አሳይቷል።

ዱካክ የሚቆየው ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃዎች ነው። በራሱ ለሕይወት አያሰጋም። እንቅልፍ ማጣት፣ የመኝታ ሰዓት መዛባትና በጀርባ መተኛት ያብሱታል።

በሐዘን ጊዜ

የዌልስ ሐኪም ዴዊ ሪስ በ1971 ባሳተመው ጥናት የትዳር ጓደኛቸው የሞተባቸውን 293 ሰዎች አነጋግሯል። ግማሽ ያህሉ የሟቹን መኖር፣ ድምፅ፣ መልክ ወይም ንክኪ እንደተሰማቸው ተናገሩ፤ ከሁሉ የበዛው «አጠገቤ አለ» የሚለው ስሜት ነበር። አብዛኞቹ ስሜቱ እንደጠቀማቸው ገልጸዋል፤ ሆኖም ብዙዎቹ ቀድሞ ለማንም አልተናገሩትም ነበር። ሪስ ያገኘው ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ስሜቱ የተለመደ የሐዘን ክፍል እንጂ የእብደት ምልክት አይደለም። ሐዘንተኛው ግን እብድ እንዳይባል ብቻውን ይሸከመዋል።

የሕፃናት ምናባዊ ጓደኞች

ቀደም ሲል ምናባዊ ጓደኛ የብቸኝነት ወይም የችግር ምልክት ተደርጎ ይቆጠር ነበር። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማርጆሪ ቴይለር ይህን አመለካከት ከለወጡት አንዷ ናት። በ2004 ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ ከተጠኑት ሕፃናት 65 በመቶ ያህሉ እስከ ሰባት ዓመታቸው ድረስ በአንድ ወቅት ምናባዊ ጓደኛ ነበራቸው። ይህ ቁጥር ሕይወት የሰጧቸውን አሻንጉሊቶችም ይጨምራል። እነዚህ ሕፃናት ከሌሎቹ የበለጠ ዓይን አፋር አይደሉም። ብዙዎቹ በጠያቂው ጥያቄ መካከል፣ ጓደኛው የውሸት መሆኑን ራሳቸው ለጠያቂው ያስታውሱታል።

ምናባዊ ጓደኛ የልምምድ ቦታ ነው። ሕፃኑ በእርሱ ንግግርን፣ ጠብንና ዕርቅን ይለማመዳል፤ የሚፈራውን ነገርም በጓደኛው ስም ያወራል። «እሱ ጨለማ ይፈራል» የሚል ልጅ አንዳንዴ ስለ ራሱ መናገሩ ነው። ሜክሲኳዊቷ ሠዓሊ ፍሪዳ ካሎ በ1939 የሣለችው «ሁለቱ ፍሪዳዎች» የተሰኘው ሥዕል መነሻው በስድስት ዓመቷ የነበራት ምናባዊ ጓደኛ እንደሆነ በማስታወሻዋ ጽፋለች።

በእምነትና በባህል

ሳይንሱ ስሜቱ በአንጎል ውስጥ እንዴት እንደሚፈጠር እንጂ ለባለቤቱ ምን ትርጉም እንዳለው አይወስንም። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ሦስቱ ወጣቶች ወደ እሳት ሲጣሉ ንጉሡ አራተኛ ሰው ያያል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ታኅሣሥ 19 ቀን ሠለስቱ ደቂቅን ያዳነውን ቅዱስ ገብርኤልን ታከብራለች። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ደግሞ ወደ ኤማሁስ ለሚሄዱ ሁለት ሰዎች ያላወቁት ሦስተኛ ይቀላቀላቸዋል። የዑቃቤ መልአክ እምነት ሰው ብቻውን እንደማይሄድ ያስተምራል፤ በአማርኛም የተጎሳቆለን ሰው «ውቃቢው ርቆታል» ማለት የተለመደ ነው። በእስልምና የመላእክትና የጂን መኖር ከእምነቱ ጋር የተያያዘ ነው። የዛር ልማድ ደግሞ የማይታየውን አካል ስም፣ ጠባይና ፍላጎት ያለው ያደርገዋል።

ሐኪም ማማከር የሚያስፈልግበት ጊዜ

የማይታይ ባልንጀራ ስሜት ብቻውን በሽታ አይደለም። ሆኖም በፓርኪንሰን በሽታና በአንዳንድ የመርሳት በሽታ ዓይነቶች፣ ሰው ከኋላ ወይም ከጎን እንዳለ መሰማት የተለመደ ምልክት ነው። አንዳንድ የፓርኪንሰን መድኃኒቶችም ሊያብሱት ይችላሉ። መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አደገኛ ስለሆነ ነገሩን ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። ሕሙማን ይህን የሚናገሩት በቀጥታ ሲጠየቁ ስለሆነ፣ ቤተሰብ ያለ ፌዝና ያለ ቁጣ ቢጠይቃቸው ይጠቅማቸዋል።

በሚከተሉት ሁኔታዎች ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው፦

• ስሜቱ እየተደጋገመ ሲመጣና ከራስ መሳት ወይም ከመንቀጥቀጥ ጋር ሲያያዝ፤
• የማይታየው አካል ራስን ወይም ሌላን ጉዳ ብሎ ሲያዝ፤
• አረጋዊ ሰው በድንገት ግራ ሲጋባ፤
• ዱካክ ሌሊት በሌሊት እየተመላለሰ ቀን ደግሞ ከባድ እንቅልፍ ሲጥል፤
• ሕፃኑ ምናባዊ ጓደኛውን አጥብቆ ሲፈራው፣ ወይም በእርሱ ምክንያት ከሌሎች ልጆች ፈጽሞ ሲርቅ።

ጸበል፣ ጸሎት ወይም ዱዓ ከሕክምና ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል። የሚጎዳው በእምነት ስም መድኃኒትን ማስቆም፣ ወይም ሕመምተኛውን አስሮና ሸሽጎ ማቆየት ነው።