ዓይን የት ላይ ነው?

ሥዕል ያልተማረ ሰው እርሳስ ተሰጥቶት የሰው ፊት ሣል ቢባል ዓይኖቹን ሽቅብ ወስዶ ግንባር ላይ ይሰቅላቸዋል። ልጅም አዋቂም እዚህ ላይ አይለያዩም። ዓይን ግን የራስ እኩሌታ ላይ ነው፤ ከአናት እስከ ዓይን ያለው ርቀት ከዓይን እስከ አገጭ ካለው ጋር ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ያላመነ መስታወት ፊት ቆሞ በእርሳስ ይለካ። ጸጉሩን ግን ጫን ብሎ አጥንቱን ያግኝ፣ አለበለዚያ ጎፈሬው ያሳስተዋል።

ሰው ከሰው ጋር ሲነጋገር የሚያየው ዓይንን፣ ቅንድብንና አፍን ነው። ከቅንድብ በላይ ያለው ሜዳ ምንም ስለማይነግረው ከቁም ነገር አይጥፈውም። ሲሥልም የነገረውን ያገዝፋል፣ ያልነገረውን ያሳጥራል። አሜሪካዊቷ የሥዕል መምህርት ቤቲ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመችው ዝነኛ መጽሐፍ ይህን የራስ ቅል የመቁረጥ አባዜ ራሱን የቻለ ትምህርት አድርጋዋለች። በእኛ አገር ደግሞ ሻሽ፣ ቆብ፣ ነጠላና ጥምጥም ነገሩን ያብሱታል፤ ከጨርቁ ሥር ራስ መኖሩ ይረሳል። ጀማሪ የሣለውን ካህን ተመልከቱ፤ ጥምጥሙ ብዙ ጊዜ ቅንድቡ ላይ ነው የተቀመጠው።

መልክን በትክክለኛ ምጥጥን መሣልን ለማስተዋወቅ ከአንኮበር መነሣት ይቻላል። ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ የአፋር ቆላ ቁልቁል በሚታይበት አፋፍ ላይ የተቀመጠችው ይህች የሸዋ ነገሥታት የቀድሞ መናገሻ፣ ሁለት የመሣል ልማዶች ገና ድሮ የተገናኙባት ናት። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ሲመጣ፣ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሮ ነበር። በርናትዝ የሸዋን ተራራ፣ ሰልፍና ሰው እያየ ነደፈ፤ ሥዕሎቹም በድንጋይ ኅትመት ተባዝተው እ.ኤ.አ. በ1852 በመጽሐፍ ወጡ።

የዚያ ዘመን ጎብኚዎች የንጉሡ አንድ ዓይን የማያይ እንደነበር ጽፈዋል። ይህ ለሠዓሊ ቀላል ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቅ ሰው ሙሉ ፊቱን ወይም ጥቂት ዘወር ያለ ፊቱን ይዞ በሁለት ዓይን ይሣላል። በጎን ታይቶ አንድ ዓይን ብቻ የሚሰጠው ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ አሳዳጅና ሰቃይ ነው። ዓይን ይተልቃል፣ ራስም ከአካሉ አንጻር ይገዝፋል፤ መጠኑን የሚወስነው የሰውየው ክብርና ግብሩ ነው። እንዲህ የሠለጠነ ሠዓሊ ሣህለ ሥላሴን ቢሥል ሁለቱንም ዓይን አብርቶ እንደሚሰጣቸው አልጠራጠርም። ከመልእክተኞቹ ጋር የመጣው ሠዓሊ ሥራ ደግሞ ያየውን ማስፈር ነው። የአንደኛውን ልኬት ይዞ ሌላውን ስሕተት ማለት፣ በቁና በሜትር እንደ መጣላት ይሆናል።

ከመልእክተኞቹ መምጣት 90 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1932፣ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ እዚያው አንኮበር ተወለዱ። በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። የሥዕል ተሰጥኦአቸው ግን በትምህርት ቤት ሳሉ ታየና መንገዳቸውን ቀየሩ፤ መጀመሪያ ለንደን ወደሚገኘው የሴንትራል የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም የለንደን ዩኒቨርሲቲ ወደሆነው ስሌድ ገቡ።

ስሌድ በንድፍ ጥብቅነቱ የታወቀ ቤት ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ተማሪዎቹን ሲያንቀጠቅጥ የኖረው ሄንሪ ቶንክስ ከሠዓሊነቱ በፊት ቀዶ ሐኪም ነበር፤ ከቆዳ ሥር ያለውን አጥንት ሳያውቁ መሣልን አይታገሥም። በ1949 የትምህርት ቤቱ ኃላፊ የሆነው ዊሊያም ኮልድስትሪም ደግሞ የልኬት ሰው ነበር። አንዱን ሰው ለመሣል በአሥር የሚቆጠሩ ቀጠሮዎች ይይዛል፤ ብሩሹን በተዘረጋ ክንድ ይዞ የለካባቸውን ጥቃቅን ምልክቶችም ሸራው ላይ ሳያጠፋ ይተዋቸዋል። አፈወርቅ ቀለማቸው የደመቀ፣ ቅርጻቸው የገዘፈ ሠዓሊ ናቸውና በኮልድስትሪም መንገድ አልሄዱም። የወጡበት ቤት ግን እንዲህ ያለ ነበር።

የተዘረጋ ክንድ ልኬት እስከ ዛሬ በየሥዕል ትምህርት ቤቱ የሚሠራበት ነው፤ ውድ ዕቃም አይጠይቅም። ሠዓሊው ከሚሥለው ሰው ሁለት ሜትር ያህል ይርቃል። ክርኑን ሳያጥፍ ክንዱን ይዘረጋል፤ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። የእርሳሱን ጫፍ ከሰውየው ዓይን አንድ ማዕዘን ጋር ያገጥምና አውራ ጣቱን እስከ ሌላው ማዕዘን ያንሸራትታል። እርሳሱ ላይ የተያዘችው ርዝመት የአንድ ዓይን ስፋት ናት። አሁን ያችን ርዝመት ይዞ ይዞራል፤ ፊቱ በአግድም ስንት ዓይን ይሆናል? አፍንጫው ከቅንድብ እስከ ጫፉ ስንት ዓይን ይወርዳል? አፉስ? ወረቀቱ ላይ ዓይኑን በፈለገው መጠን ይሥለዋል፤ ቀሪው ሁሉ ግን ለዚያ ዓይን ተገዥ ነው። ሴንቲ ሜትር እዚህ አይገባም። ችግሩ ክርን ሲታጠፍ ወይም ተቀማጩ ወንበሩን ሳብ ሲያደርግ ነው፤ ያን ጊዜ የቀድሞው መለኪያ አይሠራም፣ እንደገና መጀመር ነው።

ከርዝመት ቀጥሎ የሚለካው ዘንበልታ ነው። እርሳሱን ከዓይን የውጭ ማዕዘን እስከ አገጭ ባለው መስመር ላይ ያስተኙታል፤ ጋደል ያለበትን ሳይለውጡ ወደ ወረቀቱ ያወርዱታል። ለቁም መስመር ደግሞ የግንበኛው ቱምቢ አለ፤ ክር ላይ የታሰረ ትንሽ ጠጠር ይበቃል። ክሩን ከዓይኑ የውስጥ ማዕዘን አኳያ ሲያንጠለጥሉት በአፍንጫው ክንፍ አጠገብ ያልፋል፣ ከብሌኑ አኳያ ሲያንጠለጥሉት በአፉ ዳር አቅራቢያ ይወርዳል። በዚህ ሥራ እኔ ከሁሉ የምወደው ግን ባዶውን ቦታ መሣል ነው። ጋቢ የተከናነበ ሰው ሲሣል በአንገቱና በጋቢው ጠርዝ መካከል ያለችውን ጨለማ ክፍተት ብቻ እያዩ መንደፍ ያስፈልጋል። ስለ አንገት ሁላችንም አስቀድመን የምናውቀው አለን፣ እሱም ያታልለናል። ስለዚያች ክፍተት ግን ማንም ምንም አያውቅም፤ ስለዚህ እንዳለች ትሣላለች።

በየመማሪያው የሚገኙት ምጥጥኖች ከዚህ በኋላ ቢመጡ ይሻላል። ፊት በአግድም አምስት ዓይን ያህል ይሰፋል፤ በሁለቱ ዓይኖች መካከል አንድ ዓይን የሚያስቀምጥ ቦታ አለ። ከጸጉር መነሻ እስከ ቅንድብ፣ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ሥር፣ ከአፍንጫ ሥር እስከ አገጭ ያሉት ሦስቱ ክፍሎች እኩል ናቸው ይባላል። ይህን የሦስትዮሽ ክፍፍል ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረው ሮማዊው የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪየስ ጽፎታል፤ ጀርመናዊው አልብረሽት ዱረርም ስለ ሰው አካል ምጥጥን የጻፈው መጽሐፍ በሞተበት ዓመት በ1528 ታትሟል። ጆሮ በቅንድብና በአፍንጫ ሥር መካከል ይውላል፤ የከንፈሮች መገናኛም ከአፍንጫ ሥር ወደ አገጭ ሲወረድ ሢሦው ላይ ነው።

እነዚህን የሸመደደ ተማሪ ሁሉንም ሰው የአንድ እናት ልጅ አድርጎ ይሥላል። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ቶሮንቶ ይሠራ የነበረውን ሐኪም ሌስሊ ፋርካስን መጥቀስ ይበቃል። ፋርካስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የብዙ ሰዎችን ፊት በመሣሪያ ለክቶ ከጥንት የወረዱትን ሕጎች ሲፈትሽ፣ በአውሮፓውያን ዝርያዎች ላይ እንኳ አብዛኞቹ ሳይገጥሙ ቀሩ። በአፍሪካ ዝርያ ሰዎች ላይ በተደረጉ ልኬቶች ደግሞ የአፍንጫ ስፋት በዓይኖች መካከል ካለው ርቀት ብዙ ጊዜ በልጦ ተገኝቷል። የደብረ ብርሃን አንድ መማሪያ ክፍል ውስጥ ቢገባ አንድ ዓይነት አፍንጫ አይገኝም። ስለዚህ ምጥጥኑን የምይዘው የተቀመጠው ሰው ከየት ከየት እንደሚወጣበት ለመያዝ ነው፤ የአፍንጫው ሢሦ ረዝሞ የአገጩ ካጠረ፣ ሰውየውን ሰውየው ያደረገው እሱ ነው።

ዕድሜም አለ። የሕፃን ዓይን ከራሱ እኩሌታ ዝቅ ብሎ ይገኛል፣ ግንባሩ ሰፊ ነው፣ አገጩ ገና አልወጣም። ዓይኑን መሐል ላይ ካደረጉበት ሕፃኑ ትንሽ ሽማግሌ ይሆናል። ጥርሱ የረገፈ አዛውንት ደግሞ አገጩ ወደ አፍንጫው ይቀርባል። አቀማመጥም ሕጉን ያፈርሰዋል፤ አንገቱን ደፍቶ ዳዊት የሚደግም አባት ዓይኑ ወደ ታች ይወርዳል፣ አናቱ ይሰፋል፣ ጆሮው ከዓይኑ በላይ ይወጣል።

ከፎቶ የሚሥሉትስ? በከተሞቻችን ፎቶግራፍ ላይ ካሬ ካሬ መስመር አስምሮ፣ ያንኑ በትልቁ ወረቀት ላይ አስምሮ፣ ካሬ በካሬ ማሳደግ የብዙ ሠዓሊዎች እንጀራ ነው። ነውርም የለበትም። ችግሩ የስልክ ፎቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአሜሪካ ሐኪሞች ስሌት እንዳሳየው፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር ላይ የተነሣ ፊት ከአንድ ሜትር ተኩል ከተነሣው ጋር ሲነጻጸር አፍንጫው 30 በመቶ ያህል ሰፍቶ ይታያል። ካሬው ትክክል ሆኖ ሥዕሉ ሰውየውን የማይመስለው አንዳንዴ በዚህ ነው፤ ደንበኛው ራሱ ክንዱን ዘርግቶ ያነሣውን ፎቶ ነው ያመጣው።

በእኛ አገር ሕያው ሰው አስቀምጦ መሣል የመደበኛ ትምህርት አካል የሆነው በአለ ፈለገ ሰላም ድካም ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ ልጅ የሆኑት አለ፣ ቺካጎ ተምረው ሲመለሱ በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል። ከሳቸው በፊት በፓሪስ የተማሩት አገኘሁ እንግዳ ነበሩ።

አፈወርቅ በበኩላቸው ከስሌድ ሲወጡ ልኬቱን ብቻ ይዘው አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ ያሳዩት የመጀመሪያ ዐውደ ርእይ ባስገኘላቸው ገንዘብ ዳግመኛ ወደ አውሮፓ ተሻግረው፣ የመስታወት ሥዕል ከመማራቸው በተጨማሪ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎች አጠኑ። የአንኮበሩ ልጅ ከአገሩ የወጣውን ትልቅ ዓይን ለማየት ሦስት የባዕድ ከተማ መዞር ነበረበት። በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የመስታወት ሥራቸው ያንን ሁሉ ተከትሎ የመጣ ነው።

የራሳቸውን መልክ የሣሉበት ሥራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 በፍሎረንስ ከሚገኘው የኡፊትሲ ሙዚየም የሠዓሊያን የራስ ምስል ስብስብ ገብቷል። ስብስቡን በ17ኛው መቶ ዓመት የጀመሩት ካርዲናል ሊዮፖልዶ ደ ሜዲቺ ናቸው። ራስን መሣል ለጀማሪም ከሁሉ የሚቀል መግቢያ ነው፤ ተቀማጩ ሰዓት አያሳልፍም፣ ክፍያም አይጠይቅም። መስታወቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ በዓይን ልክ አድርጎ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ የፊትን ዙሪያ በሳሙና ቁራጭ መስታወቱ ላይ ማስመር ነው መጀመሪያው። የተሰመረው ቅርጽ የፊቱ እኩሌታ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ወደ መስታወቱ ቢቀርቡም ቢርቁም ያው ነው፣ ምስላችን ከመስታወቱ ኋላ የእኛን ያህል ስለሚርቅ። ብዙ ሰው ለክቶ እስኪያይ ድረስ አያምንም።

ቀጥሎ በሳሙናው መስመር ውስጥ የዓይኑን፣ የአፍንጫ ሥሩንና የአፉን ቦታ በአጭር አግድም መስመር ምልክት አድርጎ፣ ወረቀት ላይ በለካው ምጥጥን ማዛወር ነው። ሲያልቅ ወረቀቱን ወደ መስታወቱ አዙሮ ሥዕሉን በግልባጩ ማየት ይገባል። ዓይን የለመደው ጉድለት ሲገለበጥ ይጋለጣል፤ አንዱ ወገን ያበጠ መንጋጋ፣ ከጓደኛው ከፍ ብሎ የተሰቀለ ዓይን ወዲያው ይታያል። ላጲስ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው።